ከሚስማሩ የመጣው አረንጓዴ

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ሚስማሩ ላይ ምንም አልነበረም። ከግቢው የቆርቆሮ በር አጠገብ በቆመው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ፣ ከሣህሊቱ ትከሻ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመትቷል፤ ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ዝገቱ በዙሪያው ያለውን እንጨት አጥቁሮታል። ከምሰሶው በስተግራ የውሃ ሮቶ አለ። በስተቀኝ የግቢው ባለቤት አቶ አብዱረዛቅ ከጫት ተራ ሲመለሱ የሚያርፉባት አግዳሚ ወንበር አለች። ሣህሊቱ ጭሮ በተመደበች በሁለተኛው ዓመት ይህን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና መናገር ትችል ነበር። የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ የምትውል ሰው ደግሞ ቤቷ ስትገባ ዓይኗን ማሳረፍ አይሆንላትም። የቅመም ብልቃጦቿ ሁሉ ስምና ቀን ተጽፎባቸዋል። በጨው ብልቃጥ ላይ እንኳ «ጨው» ብላ መለጠፏን አከራይዋ አዴ ሀዲያ አይተው፣ ይቺ ልጅ ጨውን ቀምሳ አታውቀውም መሰለኝ እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወሩባት ከርመዋል።

አዴ ማለትን የለመደችው ከሰፈሩ ነው፤ ለእናት አከል ሴት እንዲያ ይባላል። አዴ ሀዲያ ስድሳን ተሻግረዋል። ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ትንፋሽ ቀላቅለው ያወራሉ። በጭሮ በየሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ የተነጠፈው ዳንቴል አብዛኛው የእጃቸው ሥራ ነው። አሁን ግን አንድ ረድፍ ሳይጨርሱ አውራ ጣታቸው ይቆለፋል፤ ኪሮሹን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ሲያፍታቱ ሣህሊቱ ብዙ ጊዜ አይታለች። ልጃቸው ሳብሪና መሰላ ከተማ ተድራለች፤ ባሏ ኢዘዲን ባጃጅ ይነዳል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ፣ ጠዋት ጠዋት የባጃጅ ሾፌሮች በሻርፕ ተጠቅልለው መታየት በጀመሩበት ሰሞን፣ አዴ ሀዲያ ሣህሊቱን ጠርተው ስለ ብርድ ልብሱ አጫወቷት። በእናታቸው ቤት የመጀመሪያ የልጅ ልጅ የሚጠቀለለው ክሩ ባልተገዛ ብርድ ልብስ ነው። ክሩ ልጅ አሳድገው ለወግ ካበቁ ጎረቤቶች ይመጣል፤ ከሹራብ የተረፈ ኳስ ይሁን፣ ልጅ አድጎ የጠበበው ሹራብ ይሁን፣ ተተርትሮም ቢሆን ይሠራበታል። ሌሎች ልጆች ያደጉበት ሙቀት ለአዲሱ ልጅ ይተርፈዋል ነው ነገሩ። ሳብሪና ራሷ ስትወለድ የአዴ ሀዲያ እናት፣ ሉባባ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲህ ያለውን ሠርተው አልብሰዋታል። አሁን ተራው የአዴ ሀዲያ ነው፤ ጣታቸው ግን እምቢ አለ። ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም፤ የተቆለፈውን ጣታቸውን ብቻ እያዩ ነበር።

ሣህሊቱ ሳታስበው እኔ እሠራለሁ አለች። ኪሮሽ በእጇ ይዛ አታውቅም። ነገር ግን ጭሮ በገባች ሰሞን የራሷን ደም ራሷ መርምራ ወባ ያገኘች ዕለት፣ አጥሚት ይዘው በሯን ያንኳኩት እኚህ ሴት ናቸው። ሥራውን ስትቀበል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ክሩ ከየትኛው ቤት እንደመጣ እየጻፈች ትለጥፍበት ዘንድ። አዴ ሀዲያ ይህን አልፈቀዱም።

«ሚስማሩ ላይ የተሰቀለ ይወሰዳል» አሏት። «የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የሰጠም ሰጠሁ አይልም። ሰጪው ከታወቀ ሕፃኑ ባለዕዳ ሆኖ ያድጋል።»

ወሬው በሰፈሩ ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀም። በማግስቱ ሚስማሩ ላይ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሎ፣ ውስጡ ጡጫ የሚያህል ቀይ የክር ኳስ ተገኘ። ከዚያ ሰማያዊ መጣ፤ ያልተጨረሰ ዳንቴል ነው፤ ኪሮሹ እንደተሰካበት። ከዚያ ናፍታሌን የሚሸት ነጭ፣ ከዚያ ዶሮ ጫጩት የመሰለ ቢጫ። ሣህሊቱ ቀለማቱን ከደማቅ ወደ ፈዛዛ በሥርዓት ልትደረድር አስባ ነበር። አዴ ሀዲያ ይህንንም አልወደዱትም። ቅደም ተከተሉ ክሩ ሚስማሩ ላይ የመጣበት ነው፤ ልጁ በሰው መሀል እንደሚያድገው ቀለሙም እንዳመጣጡ ይግባ። ሣህሊቱ ይህ ሥርዓት ነው ለማለት ሁለት ቀን ወሰደባት። ከዚያ በኋላ ግን ከእሳቸው በላይ ጥብቅ ሆነች።

ባላቸው አቶ አብዱረዛቅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው ከቁመታቸው የማያንስ የጫት ነጋዴ ናቸው። ሰዎች ባሉበት ሆነው፣ የአብዱረዛቅ የልጅ ልጅ በልመና ክር ሊጠቀለል ነው፣ ስሙልኝ ይሉ ነበር። ሱቅ ሄደው ነብር የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስ መግዛት እንደሚችሉ፣ ነብሩም ከነጢሙ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ በየቀኑ ያስታውሳሉ። አዴ ሀዲያ ክራቸውን መጠቅለላቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ ነብሩን አንተ ልበሰው፣ ሌሊት አብራችሁ ታገሣላችሁ ብለዋቸው ግቢው በሳቅ ሞላ።

የመጀመሪያው ችግር ስፋቱ ነው። ሣህሊቱ አሥር ረድፍ ያህል ከሠራች በኋላ አዴ ሀዲያ ጨርቁን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ ልጄ ይሄ ነገር ከስቷል አሉ። በሜትር ሲለካ እውነታቸውን ነው፤ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ እንደ ጣሪያ ሊሾል ተቃርቧል። አዴ ሀዲያ እያንዳንዱን ቀለበት «ዐይን» ይሉታል። ሣህሊቱ ረድፉን ጨርሳ በምትዞርበት ቦታ ላይ የመጨረሻዋን ዐይን ሳታያት ታልፋለች። በማይክሮስኮፕ ውስጥ የወባ ተሕዋስ የማያመልጣት ሴት ጣቷ ሥር ያለችው ዐይን አመለጠቻት። ተረተረችው። ከዚያ በኋላ የደም ሴል ለመቁጠር የምትጠቀምባት ዓይነት፣ አውራ ጣት የሚጫናትን ትንሽ መቁጠሪያ ገዝታ ቤት አስቀመጠች፤ በእያንዳንዷ ዐይን አንዴ ቀጭ ታደርጋታለች። ጨርቁ ዳግመኛ አልከሳም።

ሁለተኛው ችግር ልክ ነበር። አንድ የክር ኳስ ረድፍ መሀል ላይ ቢያልቅ ሽንትሩ፣ የቀለሙ መስመር ማለት ነው፣ ግማሽ ጎን ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ምን ያህል ክር እንደሚበላ ለማወቅ ኳሱን ከረድፉ በፊትና በኋላ ትመዝነው ጀመር። የምትመዝነው በጎረቤታቸው በመይሙና ሱቅ ሚዛን ነው። መይሙና ስኳር ለሚገዛ ሰው፣ ትንሽ ታገሥ፣ ቢጫ እየመዘንኩ ነው ትላለች። ሰው ቆሞ ያያል፤ ከሚያዩት ውስጥ አንዳንዶቹ ማታ ወደ ሚስማሩ ይመጣሉ። ሣህሊቱ ማን እንደሆኑ ላለማየት ፊቷን ታዞር ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አዴ ሀዲያ ሳብሪናን ሊጠይቁ መሰላ ሄዱ፤ እዚያው አደሩ። ቅዳሜ ነው። ሣህሊቱ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ስትመለስ ሚስማሩ ላይ አንድ ሹራብ ተሰቅሎ አገኘች። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የወንድ፤ ክርኑ ሳስቷል፤ አንገቱ ላልቷል። ፌስታል ውስጥ አልገባም፤ እንዲሁ ተንጠልጥሏል። ክሩ ግን እስካሁን ከመጣው ሁሉ የተሻለ ነው፤ ወፍራም፣ ሁለት ጊዜ የተገመደ። ማነው ብላ አልጠየቀችም። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ከአንገቱ ጀምራ ተረተረችው፤ ክሩን በወንበር ጀርባ ላይ አጠንጥና አጠበችው፤ ጥቅልሉ እንዲፈታ የውሃ ጠርሙስ አንጠልጥላበት ለጥ ብሎ እንዲደርቅ ከጣሪያው ሥር ሰቀለችው።

አዴ ሀዲያ በማግስቱ መጥተው ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ አረንጓዴውን አዩት። ቀርበው በሁለት ጣታቸው አሹት። ከዚያ ራሳቸው ያወጡትን ሕግ ራሳቸው አፈረሱ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከሚስማሩ» አለች ሣህሊቱ።

አዴ ሀዲያ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። ያን ሹራብ ለባላቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሳብሪና ሳትወለድ፤ ሁለቱን ክር ገምደው፤ አንድ ክረምት ሙሉ። አቶ አብዱረዛቅ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጫት ተራ ሲሄዱ ከኮታቸው ሥር የሚለብሱት እሱን ነው። ሣህሊቱ አታውቀውም፤ እሷ ስትነሣ እሳቸው ሄደዋል፤ ሲመለሱ ሙቀት ስለሚሆን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይይዙታል። መይሙና ተጠርታ ስትመጣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቅዳሜ ረፋድ አቶ አብዱረዛቅ የበሩን ማጠፊያ ሲያጠብቁ አይታቸዋለች፤ ፀሐዩ ሲበረታ ሹራባቸውን አውልቀው ነበር፤ ከዚያ ስልክ ተደውሎላቸው እየተጣደፉ ወጡ። ሞቋቸው ያገኙት ሚስማር ላይ ሰቅለውት ረሱት ማለት ነው።

ሣህሊቱ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እመልሰዋለሁ ብትል ሹራብ መሥራት አታውቅም፤ የሚያውቁት እጆች ደግሞ አይታዘዙም። አዴ ሀዲያን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር። ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተወሰደ ክር ሐላል አይደለም፤ ያልተፈቀደ ነገር ደግሞ ሕፃን ላይ አይደረግም። የባላቸውን ልማድ ያውቃሉ፤ ያን ሁሉ ሲያላግጡ ከርመው ሹራባቸው መተርተሩን ቢሰሙ፣ አንድ ክር አይፈቀድም ይላሉ፤ ያሉትንም አይመልሱም። ስለዚህ ቀን እስኪገኝለት አረንጓዴው ተጠቅልሎ ከሣህሊቱ አልጋ ሥር ገባ። ከቢጫው ቀጥሎ መግባት የነበረበት እሱ ነበር፤ በቦታው ከእሱ በኋላ ከመጣ የተማሪ ሹራብ የተተረተረ ቡናማ ክር ገባ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አቶ አብዱረዛቅ በየጠዋቱ ይጠይቃሉ።

«ሹራቤ የት አለ?»

አዴ ሀዲያ አንድ ቀን ታጥቧል አሉ። በሌላው ቀን አልደረቀም። በሦስተኛው ክርኑን ልጠግነው አስቀምጫለሁ አሉ። አቶ አብዱረዛቅ ቶሌ ይላሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው፤ የሚስታቸውን ሮዝ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ሳሎናቸው ወንበር ላይ ተጣጥፎ የሚያድረውን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ነብሩ አንድ ነገር ይናገራሉ። ሣህሊቱ አልጋዋ ላይ ሆና በግድግዳው በኩል ትሰማለች።

ታኅሣሥ ሙሉ እንዲህ ሆኖ አለፈ። ጥር ሲገባ የሚስማሩ ክር አለቀ። ሰፈሩ ያለውን ሰጥቷል፤ ፌስታል መንጠልጠሉ ቀረ። ብርድ ልብሱ ሲለካ ቁመቱ ሰማንያ አንድ ሴንቲሜትር ሆነ። አዴ ሀዲያ የእናታቸውን ልክ ያስታውሳሉ፤ ሕፃኑን ጠቅልሎ የእናትየውን ጉልበት ካልሸፈነ ብርድ ልብስ ሳይሆን ፎጣ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ሜትር ማነስ የለበትም። ሣህሊቱ አረንጓዴውን ወስዳ መዘነችው። ለቀረው ርዝመት ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። ከእሱ በቀር ደግሞ በቤቱ ውስጥ ያልተገዛ ክር የለም።

በዚህ መሀል ኢዘዲን ደወለ። ሳብሪና በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት። አዴ ሀዲያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አልሐምዱሊላህ አሉ፤ አሁንም አሉ፤ ከዚያ ሣህሊቱን ዞረው አዩ። አቂቃው በሰባተኛው ቀን ነው፤ በግ ይታረዳል፤ ሕፃኗ ስም ይወጣላታል፤ አያት ይዛ የምትመጣውን ደግሞ የአማቾቹ ቤት ሁሉ ቆሞ ያያል።

ከእንግዲህ መቆየት አይቻልም። ጥያቄው ለአቶ አብዱረዛቅ መቼ ይነገራቸው የሚለው ብቻ ሆነ። አዴ ሀዲያ በዚህ በኩል ልምድ አላቸው። ጠዋት አይሆንም፤ ጠዋት ሰውየው ከሚዛን ጋር ተጣልቶ ነው የሚገባው። ምሳ ሳይበላም አይሆንም። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጫቱን ይዞ አግዳሚዋ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ያኔም አይሆንም። ሲመረቅን ግን፣ ወሬው ሲጣፍጠውና ለድመቷ እንኳ ምክር መስጠት ሲጀምር፣ ያኔ ግመል ብትለምኚው ይሰጥሻል። ሣህሊቱ ይህን በጥሞና አዳመጠች። ናሙና የሚቆይበትን ጊዜ ጠብቆ ማውጣት የዕለት ሥራዋ ነው።

በበሯ ስንጥቅ እያየች ጠበቀች። አቶ አብዱረዛቅ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው ሻይ አስመጡ። ቀጥለው በሮቶው ላይ የቆመችውን ድመት፣ አንቺ ልጅ ውሃ ላይ ቆመሽ አይጥ አታገኚም አሏት። ሣህሊቱ ወጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ኪራይ ቀንስልኝ ካልሆነ ተናገሪ።»

ቆማ ተናገረች። ያዘጋጀችው ረጅም ነበር፤ የወጣው ግን አጭር ነው። ሹራቡን የተረተረችው እሷ መሆኗን፣ ሚስማሩ ላይ ስታገኘው ለሕፃኗ የተሰጠ መስሏት እንደነበር፣ አዴ ሀዲያ አገር ሰላም ብለው መሰላ እንደነበሩ ነገረቻቸው። ክሩ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ሳይጎድል አልጋዋ ሥር ተቀምጧል። ከፈለጉ ጭሮ ውስጥ ሹራብ የሚሠራ ሰው ፈልጋ እንደነበረው ታሠራላቸዋለች።

«ከእሱ አንድ ክር አልነካሁም» አለች። «አውፍ ይበሉኝ።»

አቶ አብዱረዛቅ ማኘካቸውን አቆሙ።

«አልነካሽም?»

«ወላሂ ባልልም፣ አልነካሁም።»

ተነሡ። ወደ ሳሎን ገብተው ብርድ ልብሱን ይዘው ወጡ፤ አግዳሚዋ ላይ ዘረጉት። አዴ ሀዲያ ከማድቤቱ በር ላይ ማማሰያ ይዘው ቆመዋል። ሰውየው ረጅም ጣታቸውን ሽንትሮቹ ላይ እያሳረፉ ከታች ወደ ላይ መጡ።

«ቀይ። ሰማያዊ። ነጭ። ቢጫ።» እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመ። «ከቢጫው ቀጥሎ ቡናማ አስገብተሻል። ከቢጫው ቀጥሎ ሚስማሩ ላይ የመጣው ማን ነበር?»

ሣህሊቱ አረንጓዴው ወደተቀመጠበት ወደ ክፍሏ በር ዞር ብላ አየች።

«እኔ እኮ በየጠዋቱ እያየሁ ነው» አሉ አቶ አብዱረዛቅ። «ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይገባል እላለሁ። ሰማያዊ ድጋሚ ገባ፤ ግራጫ ገባ፤ የመይሙና ሮዝ እንኳ ገባ። እኔን ከአልጋ ሥር አስቀመጣችሁኝ። ሚስማር ላይ ያገኛችሁትን፣ የማን ነው፣ እንዴት መጣ ብላችሁ እንድትመረምሩ ማን ፈቀደላችሁ?»

ድመቷ ከሮቶው ወረደች።

«አባ ሳብሪና» አሉ አዴ ሀዲያ ቀስ ብለው፤ «ታዲያ በየጠዋቱ ሹራቤ የት አለ የምትለው ለምንድነው?»

«ካልጠየቅኩ ሰጠ ይሉኛላ።»

አዴ ሀዲያ መጀመሪያ ሳቁን ሊይዙት ሞከሩ። ከዚያ ማማሰያውን ይዘው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። ዓይናቸውን የጠረጉት ከሳቁ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ሣህሊቱ ልብ ብላለች። አቶ አብዱረዛቅ በበኩላቸው ይህ ነገር ከግቢው ከወጣ ሦስታችንም እንጣላለን ብለው አስጠነቀቁ። ስለ ልመና ክር በከተማው ሁሉ የተናገሩትን ሰው ገና አልረሳም። በዚያ ላይ ሰጪ አይታወቅም፤ ደንብ ደንብ ነው። አሁን ቦታው ስላለፈ ደግሞ አረንጓዴው መጨረሻ ላይ ይግባ፤ መጨረሻው ራስጌ ነው፤ የሕፃኗ ጉንጭ የሚያርፈው እዚያ ነው። ይህን ብለው ወደ ጫታቸው ተመለሱ።

ሣህሊቱ የጤና ጣቢያውን ሥራ እየጨረሰች ወደ አረንጓዴው ትሮጥ ጀመር። ወፍራሙ ክር በእጇ ላይ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ ኪሮሹም በላቧ ያንሸራትታል። አዴ ሀዲያ አጠገቧ ተቀምጠው ጠርዙን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ጠበቀ፣ ላላ፣ አሁን ደህና ነው ይሏታል። እንዲያም ሆኖ የአቂቃው ጠዋት አንድ ረድፍ ቀረ። ወደ መሰላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ሠራችው። መንገዱ ሲያነጥራት ኪሮሹ ይስታል፤ አውልቃ ትመልሰዋለች። መቁጠሪያዋ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ የአላህን ስም እያወሳች የምትቆጥር መስሏቸው ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ማሻአላህ፣ በመኪና ውስጥ እንኳ ዚክር የማይረሳ ወጣት አለ ለካ፣ ዱዓ ላይ እኛንም አስታውሺን አሏት። አንገቷ ላይ ያለው የማተብ ክር በሻርፗ ተሸፍኗል። ሣህሊቱ ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከፊት የተቀመጡት አቶ አብዱረዛቅ ዘወር ብለው፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ናት፣ አላህ ይቀበላት አሉ።

መሰላ ሲደርሱ የኢዘዲን አባት አባ ሙሜ ከበር ተቀበሏቸው። ድምፃቸው ከገበያ እስከ ገበያ የሚሰማ ሰው ናቸው፤ ሰላምታቸውም ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። ውስጥ ሳብሪና ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ሞላ ብሏል። ሕፃኗ ከእጇ ላይ ተኝታ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች። አዴ ሀዲያ ብርድ ልብሱን ከፌስታሉ አውጥተው ሲዘረጉት ሴቶቹ እልል አሉ። ሕፃኗ ተጠቀለለች፤ የቀረው ታጥፎ የሳብሪናን ጉልበት ሸፈነ። አረንጓዴው ከጉንጯ ሥር ሆነ። አዴ ሀዲያ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ፤ የተቆለፈው አውራ ጣታቸው እንኳ ዘርጋ ብሎ ነበር።

አባ ሙሜ ሽንትሮቹን ጎንበስ ብለው መረመሩ። ደንቡን እሳቸውም ሰምተዋል፤ ግን ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ሌላው ሁሉ ቀጭን ቀጭን ነው» አሉ። «ይሄ አረንጓዴ ሰፊው የማን ነው? ይሄን የሰጠ ሰው ንፉግ አይደለም።»

ሣህሊቱ ጣቶቿን አየች። አዴ ሀዲያ ጣሪያውን አዩ። አቶ አብዱረዛቅ ሻይ ፉት አሉ።

«ሚስማሩን ጠይቀው» አሏቸው።

ሕፃኗ ሉባባ ተባለች።

ከመሰላ በተመለሱ በሳምንቱ ሚስማሩ ላይ እንደገና ፌስታል ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሣህሊቱ ከተሰጠው ሁሉ ዘግይቶ የመጣ መስሏት ከፈተችው። ውስጡ አራት ትላልቅ የኮት ቁልፎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ ለሕፃን አይሆንም። በማግስቱ ግራጫ ክር መጣ፤ ብዙ ነው። ከዚያ ቀይ፤ ከዚያ ከየት እንደተገኘ የማይታወቅ ብርቱካናማ። አቶ አብዱረዛቅ በጥር ብርድ የሚስታቸውን ሮዝ ሻርፕ ጠምጥመው ጫት ተራ ላይ ሲንዘፈዘፉ ያየ ሰው ሁሉ የገባው ነገር አለ ማለት ነው። ማን እንደነገረ ሣህሊቱ አልጠየቀችም። ክሩን ልታስመዝን የሄደችበት ሱቅ ውስጥ መይሙና ወደ ሚዛኑ ብቻ ታይ ነበር።

በአዴ ሀዲያ መሪነት በመጣው ክር የወንድ ሹራብ ጀመረች፤ ከብርድ ልብሱ የተረፈውን አረንጓዴ ለአንገቱ አደረገችው። ቀኝ እጅጌውን ስትሠራ አዴ ሀዲያ አጠገቧ ነበሩ፤ ግራውን ስትሠራ ሉባባን ሊያዩ መሰላ ሄደው ነበር። ሲያልቅ አጥፋ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ ፌስታል ውስጥ አላስገባችውም። አቶ አብዱረዛቅ ከሶላት ሲመለሱ አዩት፤ ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ አውርደው ለበሱት። የጫት ተራ ሰዎች ስሙን ቀስተ ደመና ብለውታል። እሳቸውም፣ እኔ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሚስማር ላይ አገኘሁት ይላሉ።

ሹራቡ ታጥቦ ገመድ ላይ በተሰጣ ቀን ሣህሊቱ በሜትር ለካችው። ግራ እጅጌው ከቀኙ በሁለት ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ አልተረተረችውም።